ከጥገና ጠረጴዛው፦ «ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ?»

ደሴ ሰሞኑን ጉም ውስጥ ናት። ፒያሳ ካለችው ሱቄ ሆኜ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የልብስ ሰፊ ቤት እንኳ ማየት አልቻልኩም። እንዲህ ባለው ቀን ደንበኛ ይጠፋል። ቡናዬን ይዤ ደብዳቤዎቻችሁን ሳገላብጥ ዋልኩ። የአብዛኞቹ ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ መብራት፣ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ጀነሬተር። ረጅሙንና ያስደሰተኝን አስቀድሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ አለኝ። ዘጠኝ ዴስክቶፕ፣ አንድ ሰርቨር፣ ሁለት ሌዘር ፕሪንተር አሉን። ኮምፒውተሮቹ ለመነሳት ስለሚያዘግሙ ማታ አናጠፋቸውም። በወር አሥራ ሁለት ቀን ያህል መብራት ይሄዳል። ያኔ የቤንዚን ጀነሬተር እናስነሳለን፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ሦስት ሊትር ያህል ይወስዳል። ከደንበኞቻችን አንዱ ልብስ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ነው። ገዢዎቹ ስለ አካባቢ ጥበቃ ስለሚጠይቁት እሱም ለእኛ ቅጽ ላከልን። «ቢሮአችሁ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንድ ሻጭ ሳማክር «ዘጠኙንም አውጥታችሁ መብራት ቆጣቢ አዲስ ኮምፒውተር ግዙ፣ ቅጹ ላይ ያንን ጻፉ፣ አለቀ» አለኝ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ልቤም አልተቀበለውም። እርስዎ ምን ይላሉ?
— የሂሳብ ቢሮ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። ልብሽ ያልተቀበለው ወዶ አይደለም። ሻጩ ውሸታም ነው አልልም፤ አዲሱ ኮምፒውተር በእርግጥ ያነሰ መብራት ይበላል። ግን የሱ ምክር «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩ ሱቁ ከመድረሱ በፊት ምን እንደፈጀ አልነገረሽም።

አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ጭስ አብዛኛው የሚወጣው ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ነው። ማዕድኑ ይቆፈራል፣ ይጣራል፣ ቺፑ ይሠራል፣ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። ክፍሎቹ የሚመረቱት በብዛት እስያ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ የሚሠሩት በድንጋይ ከሰል በመነጨ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ አዲስ ላፕቶፕ ካርቶኑ ሳይከፈት በፊት 200 ወይም 300 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጨሶለታል።

የእኛ ሶኬት ግን ሌላ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ጊቤ ሦስት ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከቀሪውም ትልቁን ድርሻ ነፋስ ይዟል። ስለዚህ ቆጣቢው ኮምፒውተር ከሰል በሚያነድ አገር የሚያድነውን ያህል ጭስ ኮምቦልቻ ላይ አያድንም። ሲመረት የወጣው ጭስ ግን የትም ቢገዛ ያው ነው። ያንቺ ዘጠኝ አሮጌዎች ያንን ዕዳ ድሮ ከፍለው ጨርሰዋል። ጤነኛ ሳሉ አውጥቶ መጣል ዕዳውን እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

እና ጭሱ ከየት ነው? ካንቺው ደብዳቤ ላይ አገኘሁት። እስክሪብቶ ያዢ። ሂሳብ ሥራሽ ነው፣ አታሳፍሪኝ።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። «ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላ፣ እንዴት?» ትዪኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ተከራክሬያለሁ። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይጨምርበታል፤ ክብደቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የናፍጣው ይብሳል፣ በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። ያንቺ ሦስት ሊትር በወር አሥራ ሁለት ጊዜ 36 ሊትር ነው። በወር 83 ኪሎ። በዓመት አንድ ቶን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከዘጠኙ ኮምፒውተሮችሽ ይልቅ በረንዳሽ ላይ የሚያጓራው ያ ቀይ ሳጥን ነው ቅጹ ላይ መግባት ያለበት። ቀይ መሆኑን አላውቅም፣ ያየኋቸው ሁሉ ቀይ ስለሆኑ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ጀነሬተር ጭነት ቢቀንስለትም ጥማቱ የዚያኑ ያህል አይቀንስም። አሮጌ ዴስክቶፕና ሞኒተሩን በዋት መለኪያዬ ስለካ 80 ዋት ገደማ ያሳየኛል። ዘጠኙ 720 ዋት ናቸው። በሁለት ሰዓት አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለዚህች ሦስት ሊትር ቤንዚን ማንደድ አንድ ስኒ ቡና ለማፍላት በርሜል ውሃ እንደ መጣድ ነው።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ለጀነሬተሩ የሚወጣውን የአንድ ዓመት ገንዘብ አስልቼ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይር ሳጥን) እገዛበታለሁ። ባለ 24 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ለዘጠኝ ኮምፒውተር ለሁለት ሰዓት በቂ ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚበላው ተቀንሶም ይተርፋል። መብራት ሲመጣ ከዚያው ከውሃው ኤሌክትሪክ ይሞላል። ርካሹን የእርሳስ ባትሪ ሊሸጡልሽ ይሞክራሉ። እሱ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ እጥፍ መግዛት ይኖርብሻል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ በነፃ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ቆርቆሮው ላይ ሁለት ሦስት ፓኔል መጨመር ይቻላል። እኔ ቤት አንድ አለኝ። ክረምት ላይ፣ በዚህ በጉማችን፣ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። እናንተ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሌላ አገር ናችሁ።

ፕሪንተሮቹን ግን ከኢንቨርተሩ ጋር እንዳታገናኙ። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን) ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው 200 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ነው። ሲነሳ በአንዴ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፣ ኢንቨርተሩን ያንጫጫዋል። መብራት በሌለ ሰዓት ማተም ይቆይ። ሠራተኞችሽ ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያጉረመርማሉ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ኮምፒውተር ለማን ነው የሚሠራው? 80 ዋት በ16 ሰዓት፣ በዘጠኝ፣ በ30 ቀን ስታባዢው 345 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። እኔ ከነቤተሰቤ በወር የዚያን ግማሽ አልጨርስም። ጭሱ ጥቂት ነው፣ ከውሃ ነው ብያለሁ። ግን ብሩ ያንቺ ነው፤ ማሽኑም ማራገቢያውን እያሽከረከረ፣ አቧራ እየሳበ ያረጃል።

«አጥፉ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ለጥፌ አይቻለሁ። ሰው የማያጠፋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ጠዋት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ማየት ስለሚያስጠላው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥተሽ በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ አስቀይሪ፣ ራሙን (የሥራ ማስታወሻውን) 8 ጊጋ አድርሺው። አምስት ደቂቃ የፈጀው በግማሽ ደቂቃ ይነሳል። ያኔ ማንም ሳይለመን ማታ ያጠፋል። ይህ ጥገና አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት አራት ዓመት ይጨምራል። ሻጩ የማይነግርሽ ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ጠጋኝ ስለሆንኩ እነግርሻለሁ፤ ጥቅሜ መሆኑን አልደብቅም።

አንደኛው ኮምፒውተር የእውነት ሲሞት በምትኩ ላፕቶፕ ግዢ፣ ያገለገለም ቢሆን። ላፕቶፕ ከ20 እስከ 40 ዋት ይበቃዋል፤ መብራት ሲሄድም የራሱ ባትሪ አለው። አንድ በአንድ፣ በሞቱ ቁጥር።

ሰርቨሩ። ደብዳቤሽ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አይጠቅስም፣ ካለ ግን 18 ላይ አድርጋችሁት እንደሚሆን እገምታለሁ። ሁሉም ቢሮ 18 ላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለሰርቨር የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። 25 ላይ አድርጉትና ተዉት። ደሴ ላይ ኤሲ የገጠሙም አይቻለሁ። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ! ለአንዱ «መስኮት ክፈቱ» ብዬ የምክር ክፍያ ሳልቀበል ወጥቻለሁ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) እንዳላችሁ እርግጠኛ ነኝ፤ ቢያንስ ሁለቱም ጥግ ላይ ተጥለው አቧራ ሳይጠጡ አይቀሩም። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪውን ቀይሪው፣ ዩፒኤሱ ይነሳል። ከመስኮትና ከፀሐይም አርቂው፤ የእርሳስ ባትሪ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የሚወጣውን አሮጌ ባትሪ ግን የት ታደርጊዋለሽ?

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አሥራ አንድ ባትሪ ለቆራሌ ሸጥኩ። ደስ ብሎኝ፣ ሱቅ ጸዳ ብዬ። በሳምንቱ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቦይ ስወርድ ሽፋኖቹን ተሰብረው አገኘኋቸው። እርሳሱን ለቅመው አሲዱን እዚያው ደፍተውታል። ልጆች በጠርሙስ ክዳን ጀልባ የሚጫወቱበት ቦይ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ወደ ሰውነት ገብቶ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባልለት መጠን የለም። ቆራሌውን አልወቅስም፣ እሱ እንጀራውን ነው የፈለገው። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ደሴ ላይ የተደፋ ደግሞ ደሴ አይቀርም፤ የቦርከና ወንዝ ይዞት ወደ እናንተ ይወርዳል። እንግዲህ ያንቺን አገር ለመጠበቅ ከኔ የሚጠበቀው ባትሪ አለማስከፈት ነው። አሁን ከሱቄ የሚወጣ ባትሪ ሳይከፈት፣ ሳይዘቀዘቅ፣ ሙሉውን አሮጌ ባትሪ በብዛት ለሚረከብ ነጋዴ ነው የሚሄደው። ገመድ አቃጥሎ መዳብ ማውጣትም ያው ነው፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፣ በቢላ ይላጥ።

በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። በሥርዓቱ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው ሩቡ እንኳ አይሞላም። እኛም አገር ስለዚሁ ደንብ አለ፣ ቁጥር 425/2010። ደንቡ ባይነበብም ቆሻሻው ሲከማች ሁላችንም እናያለን። አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ሲያሳየኝ ከኋላቸው ሆድ ያወጡት የድሮ ሞኒተሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረው ነበር። ለማስወገድ ኮሚቴ ይሰበሰባል አሉኝ። የስንት ዓመት ኮሚቴ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እና ቅጹ ላይ ምን ትጽፊያለሽ? ያደረግሽውን ብቻ። «ጀነሬተራችን በዓመት ወደ 430 ሊትር ቤንዚን ያቃጥል ነበር፤ በባትሪ ተክተን ወደዚህ ያህል አውርደነዋል። ዘጠኙን ኮምፒውተሮች ከመጣል ጠግነናቸዋል። አሮጌ ባትሪ ሳይከፈት እናስረክባለን።» ገና ያልጀመርሽውን «ልናደርግ አቅደናል» በይ፣ ቀኑንም ጻፊ። ገዢው ሞኝ አይደለም፤ «አረንጓዴ ኮምፒውተር ገዛን» ከሚል ወረቀት ይልቅ የሊትር ቁጥር ያለበትን ያምናል። ቁጥሩን በማስረጃ መያዝ ደግሞ ካንቺ ሙያ የሚያመልጥ አይደለም። ከዛሬ ጀምረሽ የቤንዚን ደረሰኝ እንዳትጥዪ።

ጥያቄ፦ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስለቆመ አሥራ አራቱንም ኮምፒውተር እናስወግድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም። ሌላ መንገድ አለ?
— ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ማሽኖቹ ግን በዚያ ቀን አልሞቱም። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ስለሌላቸው ወይም ፕሮሰሰራቸው ከስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል በፊት የወጣ ስለሆነ ነው። ለተማሪ ግን ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመክፈት፣ ፕሮግራም ለመለማመድ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራውን ሊነክስ ጫንባቸው። ከሊነክስ ዓይነቶች ሚንት የሚባለው ለዊንዶውስ ሰው አይከብድም። ነፃ ነው። መጀመሪያ አንዱ ላይ ብቻ ሞክር፣ ለአንድ ወር ተማሪዎች ይንካኩት።

ሁለት እንቅፋት አለ፣ አልደብቅህም። አንደኛ፣ የሂሳብ ተማሪዎቻችሁ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ይማራሉ፤ እሱ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ሦስት አራቱን ከዊንዶውስ 10 ጋር ተዋቸውና የኢንተርኔት ገመዳቸውን ንቀልላቸው። ለፒችትሪ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ሰነዶች ያለዚያው ፊደል ሲከፈቱ ጉድ ይሆናሉ። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ማሽን በሚነበበው የፊደል ኮድ የተጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ ግን ሊነክስ ላይ እንደ ልብ ነው፣ የመጻፊያ ሰሌዳውም አለው።

ጥያቄ፦ ስክሪን ሴቨር መብራት ይቆጥባል?
— አስተማሪ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አይቆጥብም። የድሮው የመስታወት ሞኒተር ላይ አንድ ምስል ረጅም ሰዓት ሲቆም ጠባሳ ይተው ነበር፤ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ዛሬ ዓሣ እያዋኙ መብራት ማባከን ነው። ሞኒተሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱ እንዲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ አድርጉት። ሲተኛ ከአንድ እስከ አምስት ዋት ቢፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ማጥፋትና ማብራት ኮምፒውተር አያበላሽም? ባለቤቴ ይበላሻል ብሎ ድርቅ አለ።
— ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ባለቤትሽ ልክ የነበረበት ዘመን ነበር፣ አልፏል። የዛሬ ሃርድ ዲስክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መነሳትና መቆም እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በቀን አንዴ ብታጠፊው ከናንተ ዕድሜ ያልፋል። ወደኔ የሚመጡትን የሚገድላቸው ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬት የሚመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ያቃጥለዋል። ስለዚህ ማታ ሲጠፋ ማከፋፈያውን ከሶኬቱ ንቀሉት። ለዚህም ካልተስማማ፣ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ካርቶን ሙሉ አለኝ፣ ይዘሽው ነይና ላሳየው።